የተኮላሸው አባት

ሀላኬ ዋሪዮ የተገኘው በግንባሩ ተደፍቶ፣ ቀኝ እጁን ወደ ሽቦው ሳጥን ዘርግቶ ነው። ከማጅራቱ በላይ የፈሰሰው ደም በሲሚንቶው ወለል ላይ ደርቆ ጠቁሯል። ከአጠገቡ ኮርማ የሚኮላሽበት ረጅም የብረት ጉጠት ወድቋል፤ በጉጠቱ መንጋጋ ላይ ሽበት የተቀላቀለበት ፀጉር ተጣብቋል። በሳጥኑ ውስጥ፣ ከሟቹ ጣቶች አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ በዚያው ቀን የተወለዱ ግልገሎች እናታቸውን ከበው ይጠባሉ።

ኢንስፔክተር ጠጂቱ ኦዳ ከበሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከቦሬ ደጋ የወጣች ቀጭን ሴት ናት። አንድ ጥያቄ ትጠይቅና መልሱ ካለቀ በኋላም ዝም ብላ ሰውየውን ታየዋለች። ብዙ ሰው ያንን ዝምታ መሸከም እያቃተው ያልተጠየቀውን ይጨምራል።

ሚያዝያ 12 ቀን 2009 ነበር። ዝናቡ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ነገሌም ከቆላው በሚመጣ የከብት ሬሳ ሽታ ትነቃለች። ሀላኬ በአንድ አነስተኛ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። የሞተበት የመኖ ክፍል የሚገኘውም በድርጅቱ ኃላፊ በአቶ ክርስቲያን ግቢ ጓሮ ነው።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለ ሳጅን ሙሉነህ፣ ከሳጥኑ ራቅ ብሎ ቆሞ። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ሰው ነው።

«ዴጉ ይባላሉ፤ ፈረንጆች ቤት ውስጥ የሚያረቧቸው የደቡብ አሜሪካ እንስሳት ናቸው» አለ ክርስቲያን። ፊቱ አመድ መስሏል። «አንዲት ፈረንጅ የሥራ ባልደረባችን በሞያሌ በኩል ከናይሮቢ አስመጥታቸው ነበር። ስትሄድ ሁለቱን ለልጄ ለሐሴት ተወችላት።»

«አይጥ በሉኝ እንጂ!»

«ጋሽ ሙሉነህ፣ ቆይ» አለች ጠጂቱ። ወደ ክርስቲያን ዞረች። «ማን አገኘው?»

«እኔና ክትባት የሚያቀርብልን የእንስሳት ሐኪም፣ ዶክተር ወንዶሰን። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቢሮዬ ነበርን፤ ስለሚቀጥለው የፍየል ክትባት እየተነጋገርን። ዘጠኝ ከአርባ ላይ ከሀላኬ መልእክት ገባልኝ። ይኸው።»

ጠጂቱ ስልኩን ተቀብላ አነበበች። *ዴጉዋ ወለደች። ስድስት ናቸው። ዲዳ መጥቶ እያስቸገረኝ ነው፣ ቶሎ ና።*

«ደወልኩለት፤ አያነሳም። ከዶክተር ጋር ስንመጣ እንዲህ ሆኖ አገኘነው። ዶክተር ተንበርክኮ የደም ሥሩን ዳሰሰ፣ ‹አልቋል› አለኝ።»

ዲዳ የሀላኬ የእህት ልጅ ስም ነው፤ በተልተሌ ቆላ በየመንደሩ እየዞረ ፍየልና ከብት የሚከትብ ወጣት። ጉጠቱም የሱ ነው። ከትናንት ወዲያ አጎትና የእህት ልጅ በገበያ መሀል ሲሰዳደቡ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዲዳ በካቴና ታሰረ። ነገ አራት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እናቱ በአንድ ቀን ወንድሟንም ልጇንም ልታጣ ነው።

ጠጂቱ ከሟቹ የደረት ኪስ ስልኩን አወጣች። ድምፁ ተዘግቷል።

«ሀላኬ ጆሮው ደህና ነበር?»

«ግራው አይሰማም» አለ ክርስቲያን። «ለዚህ ነው ስልኩ ሲጠራ መንደር የሚቀሰቅሰው።»

ጠጂቱ ስልኩን በማስረጃ ከረጢት ከተተችው።

ከሳጥኑ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በልጅ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሐሴት ከፈረንጇ ማስታወሻ ወደ አማርኛ የመለሰችው ነው። *በጅራት አትያዙ፣ ቆዳው ይገፈፋል። ስኳር አትስጡ። እርግዝና ሦስት ወር። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላ ሁለት ወር ለብቻው ይቆይ።*

የአሥር ዓመቷ ሐሴት በረንዳው ላይ በእናቷ በሩቲ እቅፍ ውስጥ ነበረች። ጠጂቱ መሬት ላይ ተቀመጠችላት።

«አካም፣ ሐሴት?» ስትል በኦሮምኛ ሰላም አለቻት።

«ናጋ» አለች ልጅቷ በቀጭን ድምፅ። ከዚያ፣ «ዳማስ የት ሄደ?»

«ዳማ ማነው?»

«ወንዱ። አባትየው። ሳጥኑ ውስጥ የለም።»

«ፊትም ወልደው ያውቃሉ?»

«ክረምት ላይ። ሳናስበው! ሁለቱም ወንድ ናቸው ተብለን ነበር። ‹አራት ናቸው› ብዬ ስቆጥር ጋሽ ሀላኬ ተቆጡኝ።»

«ለምን?»

«ነፍስ ያለው ነገር አይቆጠርም አሉኝ። ከቆጠሩት ያልቃል። በመልካቸው ነው የምትጠሪያቸው አሉ፤ ግራጫው፣ ባለ ነጭ እግሩ፣ እንደዚያ።»

«አራቱን ሐዋሳ ለሚያውቋቸው ሰዎች ሰጠን» አለች ሩቲ። ከተማው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ ቤቴ ውስጥ አይጥ እንዲራባ አልፈለግሁም። ወይ ይኮላሽ ወይ ይውጣ አልኩ። መስከረም ሃያ ቀን ዶክተር ወንዶሰን ኮላሸው። ሁለት ወር ለይተን አስቀመጥነው። ኅዳር መጨረሻ መለስነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ይኸው ይሄ ሁሉ!»

«ሲኮላሽ ነበራችሁ?»

«በሩ ተዘግቶ ነበር» አለች ሐሴት። «ግን ሲጮህ ሰማሁት። በጣም ጮኸ። ዶክተር ማደንዘዣ ወግቼዋለሁ ብሎን ነበርኮ።»

ሩቲ የልጇን ራስ ወደ ደረቷ ሳበች።

ጠጂቱ ተመልሳ ገባች። «ጋሽ ሙሉነህ፣ የመኖ ጆንያዎቹን ያንሱልኝ።»

«ሠላሳ ዓመት ሽፍታ ሳሳድድ ኖሬ በመጨረሻ አይጥ ላሳድድ? ይሄንን ለባለቤቴ እንዳትነግሪብኝ አደራ።» እያጉረመረመ አነሳቸው። ከአራተኛው ጆንያ ጀርባ ዳማ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል። የጅራቱ ግማሽ ቆዳ ተገፎ ቀይ ሥጋና አጥንት ቀርቷል።

ሙሉነህ ቀልዱ ጠፋበት። «ወይኔ! ምን አደረጉት?»

ዶክተር ወንዶሰን በመድኃኒት መደብሩ ውስጥ ነጭ ጋወኑን እንደለበሰ ነበር። ትልቅ፣ ደግ የሚመስል ሰው ነው። በቀኝ አመልካች ጣቱ ላይ ፕላስተር ለጥፏል።

«ሀላኬ ወንድሜ ነበር» አለ። «ዲዳ ግን ቁጡ ነው። ብዙ ጊዜ መክሬዋለሁ።»

«ጣትዎን ምን ነካዎት?»

«የመድኃኒት ጠርሙስ ስሰብር ቆረጠኝ።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«እስከ ዘጠኝ እዚሁ፣ ብቻዬን። በዚህ ሙቀት በስምንት ሰዓት ማን ይመጣል? ከዚያ ክርስቲያን ቢሮ።»

«መልእክቱ ሲገባ አብራችሁ ነበራችሁ?»

«አዎ። ማለቴ፣ እጄን ልታጠብ ወጣ ብዬ ነበር። ስመለስ ነው ያነበበልኝ።»

ጠጂቱ ዝም አለች። ዶክተሩ ፈገግ አለ። «ለነገሩ የተኮላሸ እንስሳም ዘር ተርፎት ሊያስረግዝ ይችላል። ሰው ስለማያውቅ ይገረማል እንጂ።»

እሷ ስለ ዴጉ አልጠየቀችውም ነበር።

ዲዳ በእስር ክፍሉ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።

«አቡያን እኔ አልገደልኩትም» አለ፣ የእናቱን ወንድም በቦረና ወግ እየጠራ። «ስምንት ሰዓት ላይ ቦርሳዬን መልስልኝ ልለው ሄድኩ። ጉጠቱም ክትባቱም ቦርሳው ውስጥ ነው። ከትናንት ወዲያ ቀምቶኝ ነበር። አልሰጥም አለኝ። ወጣሁ። ወደ ወንዙ ሄጄ ብቻዬን ተቀመጥኩ።»

«ዴጉዋ ወልዳ ነበር?»

«አይ። እየዞረች ጎጆ ትሠራ ነበር። አቡያ እሷን እያየ ብቻውን ይስቃል። ደስ ያለው ሰው ሳቅ ግን አይደለም።»

«የተጣላችሁት በምንድን ነው?»

«‹የዶክተሩን መድኃኒት ከእንግዲህ ማንም ላይ አትውጋ› አለኝ። ለምን ስለው፣ ‹መጀመሪያ ባለቤቱን ላናግር፣ ከዚያ እነግርሃለሁ› አለ። እኔ ዶክተሩ ነው ሥራ ያስተማረኝ። አቡያን… ሰደብኩት። የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም በክርስቲያን በረንዳ ተሰበሰቡ። ሩቲ ልጇን ጎረቤት ልካለች። ዲዳ በካቴና ቆሟል። እናቱ ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ዶክተር ወንዶሰን የመጣው ለኀዘን በተዘጋጀ ጥቁር ኮት ነው።

«ከመልእክቱ ልጀምር» አለች ጠጂቱ። «ሁላችንም ሀላኬ ዘጠኝ ከአርባ ላይ በሕይወት ነበር ያልነው በዚህ መልእክት ነው። ‹ስድስት ናቸው› ይላል። እማማ፣ ወንድምዎ ከብቱን ስንት ነው ብሎ ያውቃል?»

የዲዳ እናት ቀና አለች። «ልጆቹን እንኳ ቆጥሮ አያውቅም። ነፍስ ያለው አይቆጠርም።»

«ሐሴትም ይህንኑ ነገረችኝ፤ አራት ብላ ስለቆጠረች ተቆጥቷታል። እንዲህ ያለ ሰው የትናንቶቹን ግልገሎች ቆጥሮ አይጽፍም። መልእክቱን የጻፈው ወጉን የማያውቅ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ከአርባ ላይ ስልኩ በገዳዩ እጅ ነበር። ድምፁንም የዘጋው እሱ ነው፤ ክርስቲያን ሲደውል ኪሱ ውስጥ እንዳይጮህበት። ዲዳ ደግሞ ቦረና ነው። ቢጽፍ አይቆጥርም፤ ራሱን የሚያሳስር ቃልም አይጨምርም።»

«ስልኩ የተገኘው ሬሳው ኪስ ውስጥ ነውኮ» አለ ክርስቲያን።

«መልእክቱ ሲገባ እጄን ልታጠብ ብሎ ከቢሮው የወጣው ማን ነው? ከሬሳው አጠገብ መጀመሪያ የተንበረከከውስ?»

ክርስቲያን ቀስ ብሎ ወደ ዶክተሩ ዞረ።

«ቀልድ ነው!» አለ ወንዶሰን። «ሀላኬን የምገድለው ለምን ብዬ?»

«ዳማ ስለወለደ። መስከረም ሃያ ኮላሽተኸዋል። ግልገሎቹ የተወለዱት ትናንት ነው። እርግዝናው ሦስት ወር ከሆነ፣ የተፀነሱት ጥር አጋማሽ ላይ ነው።»

«የተረፈ ዘር ሊኖር እንደሚችል ነግሬሻለሁ!»

«ለሳምንታት። ሁለት ወር ለብቻው የቆየውም ለዚሁ ነው። ይሄ ግን ወደ አራት ወር ይጠጋል። ከተማው ውስጥ ሌላ ዴጉ የለም። ዳማ አልተኮላሸም፣ ዶክተር። የነዚህ እንስሳት የዘር ፍሬ ሆድ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። ቆዳውን ቆርጠህ መልሰህ ሰፋኸው።»

«ለምን እንዲህ ያደርጋል?» አለች ሩቲ።

«ስለጮኸ። የወጋው ማደንዘዣ ውኃ ነበር። ስቃዩን ማስቆም ሲያቅተው ተወው። ሀላኬ ያቺ ዴጉ ማርገዟን ሲያይ የተረዳው ይህንን ነው፤ ማደንዘዣው ውኃ ከሆነ ሌላውስ? በተልተሌ ዲዳ የከተባቸው ፍየሎች ያለቁት በድርቁ ነው ስንል ከረምን። ወይዘሮ ሩቲ፣ ማታ ከዲዳ ቦርሳ ያወጣነውን ክትባት ይንገሯቸው።»

ሩቲ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ደረቅ ዱቄት መሆን ነበረበት፤ ሲሠሩበት ነው የሚበጠበጠው። ይሄ ከመጀመሪያውም ፈሳሽ ነው። ወረቀቱም በሙጫ እንደገና ተለጥፏል።»

ክርስቲያን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «እኛ ነን ያከፋፈልነው» አለ። «በድርጅታችን መኪና።»

«ሀላኬን ከገደልክ በኋላ ዳማን ልትወስደው ፈለግህ፤ ምስክር ነዋ። አንተ ግን የከብት ሐኪም ነህ፤ በጅራቱ ያዝከው። ቆዳው ተገፎ እጅህ ላይ ቀረ፣ እሱም ነክሶህ አመለጠ። ፕላስተሩን አንሳው። ጠርሙስ አንድ መስመር ነው የሚቆርጠው። ጥርስ ግን ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ቀዳዳ ይተዋል።»

ወንዶሰን ጣቱን በመዳፉ ሸፈነ። «አንቺ ሴትዮ፣ በአይጥ ንክሻ ልትሰቅዪኝ ነው?»

ሙሉነህ ሳይቸኩል እጁን ያዘና ፕላስተሩን ሳበው። አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ዙሪያቸው ያበጠ።

ጠጂቱም ዝም ብላ አየችው። እሱም እንደ ሌሎቹ ያንን ዝምታ መሸከም አቃተው።

«ራሱ ነው የጠራኝ» አለ። «‹ና፣ ምን እንደሠራህ እይ› አለኝ። ‹ለማንም አልነገርኩም፤ ሰው በጀርባው አይከሰስም። ዛሬ ራስህ ለክርስቲያን ንገረው› አለኝ። ለመንኩት። ቆላ ያሉት ሰዎች ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጉኝ ታውቂያለሽ። ‹አውቃለሁ› አለኝና ወደነዚያ ግልገሎች ጎንበስ አለ። ጉጠቱ የዲዳ ቦርሳ ላይ ነበር።»

ካቴናው ከዲዳ እጅ ተፈቶ በዶክተሩ እጅ ገባ። እናቱ ተነስታ ልጇን አቀፈችው፤ እልልታ ግን አላለችም።

አራት ሰዓት ላይ ሬሳው ወደ ትውልድ ቦታው ወደ ተልተሌ ሊሄድ ፒክአፕ ላይ ተጫነ። ዲዳ ወደ ጠጂቱ መጣ።

«ከነዚያ ጠርሙሶች አንዱን ስጪኝ። ላሳያቸው።»

«ማስረጃ ነው። አልችልም።»

«በአራት መንደር የወጋሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። ‹አይዟችሁ፣ ከእንግዲህ አይሞቱም› እያልኩ።»

«አላወቅህም ነበር፣ ዲዳ።»

«እነሱ ያንን ያምናሉ?»

ጠጂቱ ዓይኗን ወደ ሙሉነህ አዞረች።

«አንተ ልጅ፣» አለ ሙሉነህ፣ «እዚሁ ቅር። ነገሩ እስኪበርድ ቤቴ ትቀመጣለህ። ዛሬ ከሬሳው ጋር ብትሄድ ፍየሎቻቸው ያለቁባቸው ሰዎች ከቀብሩ በሕይወት እንደማይለቁህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ አባባ ሙሉነህ።»

ከኋላ ወጥቶ ከአጎቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሬሳውን የሸፈነው ሸራ በንፋስ እንዳይገለጥ ጫፉን በጉልበቱ ያዘ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ።