በግራ ወጥታ በቀኝ የተመለሰች

ማርሊስን ማንም አይጠይቃትም ነበር። መዶሻዋን ወገቧ ላይ አንጠልጥላ ፊታቸው ተገትራ እያለች፣ የመጣው ሁሉ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ «አባትሽ የታለ?» ይላል። በየማለዳው ሽቅብ ቁልቁል የሚጋልበውን የመዝናኛ ባቡር፣ የሮለር ኮስተሩን ሐዲድ ከጫፍ ጫፍ በእግሯ የምትሄደው፣ የላላውን ብሎን የምታጠብቀው፣ የበሰበሰውን ጣውላ የምትነቅለው እሷ! ዓይን እያለው የማያይን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ?

በአሜሪካ፣ በኤሪ ሐይቅ ዳር ያን የእንጨት ሮለር ኮስተር «አሮጊቷ» ይሉታል። በዚያ ዓመት የመዝናኛ ስፍራው ባለቤቶች አሮጊቷን ሊያድሷት ቆረጡ። በእንጨቱ ላይ የብረት ሐዲድ ሊነጠፍ፣ በጎኑም ሌላ ሐዲድ ሊጨመር፣ ሁለት ባቡሮች ጎን ለጎን ሊሽቀዳደሙ ሆነ።

ዕድሜውን ሙሉ አሮጊቷን ሲጠግን የኖረው የማርሊስ አባት ሩዲ እንደ ስድብ ቆጠረው። «እንጨት ሊሰበር ሲል ያጉረመርማል» አለ። «ብረት ግን ተንኮለኛ ነው፣ ዝም ብሎ ነው የሚሰበረው። አሮጊቷን ብረት ያለበሳት ሰው ደጄን አይረግጥም!»

ብረቱን ሊያለብሳት የመጣው ኤመት የሚባል የሩቅ አገር፣ የሞንታና መሐንዲስ ነበር። ረጅም፣ ቃል ቆጣቢ። መጀመሪያ ቀን ማርሊስ አጠገብ ቆመና አንዱን ምሰሶ በጣቱ አንኳኳ።

«ይቺ ምን ትላለች?»

«እኔን ነው ወይስ ምሰሶዋን ነው የምትጠይቀው?»

«አንቺን። ምሰሶዋ እንዳንቺ አትገላምጥም።»

የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርሊስ ጭንቅላቷ ዞረ። ጠዋት የአባቷን ምሰሶዎች ሲያስነቅል ታየውና ትጠላዋለች፤ ለምሳ ሲዘገይ ደግሞ ዓይኗ መንገድ መንገዱን ያያል። የሚጠሉትና የሚወዱት ሰው በአንድ ሸሚዝ ውስጥ ሲመጣ ምን ይደረጋል?

እሱም የባሰ ነበር። ያያታል፤ ስታየው ዓይኑን ወደ እንጨቱ ያዞራል። በፔርሙሱ ክዳን ሻይ ቀድቶ ይሰጣታል፤ አመሰግናለሁ ልትለው ስትል ስለ ብሎን ማውራት ይጀምራል።

አንድ ቀን እንዲሁ በድንገት «ሰኞ እሄዳለሁ» አላት።

«ሥራህ ካለቀ ማን ያዘህ?» አለችው። ወዲያው ምላሷን ነከሰች። እሱም አንገቱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን ማዘኑ፣ ማን ያውቃል?

በዚያው ሳምንት ምሳ ላይ ሩዲ ፒሮጊ የሚሉትን ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ እያኘከ ሠራተኛውን ሁሉ ይሰድብ ነበር። «በእኛ ጊዜ» አለ፣ «ወንድ ልጅ ሴት ከወደደ፣ እሷ አሮጊቷ ላይ ስትሳፈር ኮቷን ይይዝላትና የተሳፈረችበት ቦታ ቆሞ ይጠብቃል። ስትመለስ ካለበሳት አለቀ፣ ታጩ ማለት ነው! የዛሬ ወንድ የራሱን ኮት እንኳ አይሸከምም።»

ኤመት መሬት መሬት እያየ ያኝካል። ይስማ አይስማ ማርሊስ አልገባትም።

ቅዳሜ የሙከራው ቀን ደረሰ። በአሸዋ ከረጢት የተሞሉት ባቡሮች በደህና ስለተመለሱ፣ ሠራተኞቹ እንዲሳፈሩ ተፈቀደ። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ፊት ይልጣል። ማርሊስ በግራ በኩል ሰማያዊው ባቡር ውስጥ ተቀመጠች፤ ቀዩ በቀኝ ቆሟል። ኤመት መጣ።

«ጃኬትሽን ስጪኝ።»

ልቧ ዘለለ። «ለምን?»

«ደንብ ነው። የሚበር ልብስ አይፈቀድም።» ጆሮው ቀልቷል። ከብርዱ ይሆን?

የሌሎቹን ጃኬት ሣጥን ውስጥ ወረወረ። የእሷን ክንዱ ላይ አጠፈው። ወይስ ሣጥኑ ሞልቶ ነው? ሳትጠይቀው ባቡሩ ተነሣ።

ሰማያዊውና ቀዩ አንዴ ይኼ፣ አንዴ ያኛው እየቀደመ ቁልቁል ተወረወሩ። ከብረቱ ሥር አሮጊቷ እንደ ድሮዋ አጉረመረመች። ማርሊስ ሳቀች ወይ አለቀሰች፤ እሷም አልለየችው።

ስትወርድ ኤመት የለም። ጃኬቱም የለም።

ሩዲ ሁለቱን መሳፈሪያዎች በሚያገናኘው የእግረኛ ድልድይ ደረጃ ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። «ሞንታና የገባ መሰለኝ» አለ። «ጃኬትሽንም ይዞ።»

ደንብ ነው ብሎ ነግሯት የለ? የራሷ ሞኝነት ነው እንግዲህ።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ ሁለት የሚመስለው ሐዲድ በእውነት አንድ ነበር፤ መንገድ ላይ ስለሚሻገር፣ በግራ የወጣ ባቡር በቀኝ ይመለሳል። ይህን ያቀደው ኤመት፣ በመዶሻዋ እየመታች የገጠመችው ማርሊስ! ሁለቱም ረስተውታል፤ ፍቅር የያዘው ሰው ግራና ቀኙን የት ያውቃል?

በባቡሮቹ አናት ላይ አሻግራ ስታይ፣ ኤመት በግራ በኩል ጎንበስ ብሎ በቀዩ ባቡር በየወንበሩ ይፈልጋታል። ጃኬቷን ደረቱ ላይ አጥብቋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ጺማም የብየዳ ሠራተኛ «ወንድሜ፣ መቼም የምትፈልገው እኔን አይደለም» አለው።

ማርሊስ ሳቀች። ከዚያ ንዴቷ መጣ።

«ኤመት! ያን ጃኬት የያዝከው ለደንቡ ነው ወይስ ለእኔ?»

ቀና አለ።

«ደንቡ...»

«ደንቡማ ሣጥን አለው!»

«ላንቺ!» አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ላንቺ ነው! ሂድ ካላልሽኝ ሰኞም አልሄድም!»

ድልድዩን በሩጫ ተሻገረ። በወዲያኛው ጫፍ ሩዲ ደረጃውን ዘግቶ ተቀምጧል፤ ንቅንቅ አላለም።

«ወዴት ነው?»

«ልጅዎ በርዷታል፣ ልለፍ።»

«ብረትህን አልብሳታ!»

«አባዬ!» አለች ማርሊስ ከታች። «በአሮጊቷ የተኳረፋችሁትን እስክትሞቱ ተኳረፉ፣ ግድ የለኝም። አሁን የበረደኝ እኔ ነኝ፤ የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ተነሥና አሳልፈው!»

ሩዲ እንደ አሮጊቷ እያጉረመረመ ተነሣ፤ ኤመትም ወርዶ ጃኬቷን አለበሳት።