የነቢዩ ቦርድ

በዚያ ዓመት ሰላ ድንጋይ ላይ ውርጭ ሦስት ጊዜ ወረደ። መጀመሪያ ባቄላውን፣ ቀጥሎ ምስሩን፣ በመጨረሻ ፍሬ ሊይዝ የነበረውን ገብስ ፈጀው። የሳሌም አባት አቶ ዘሥላሴ አራት በግ ሸጡ። የሦስቱ ዋጋ ለእህል ዋለ። የአራተኛውን ደብረ ብርሃን ለምትማረው ልጃቸው ሰጡ።

«ውርጭ ሊወርድ ሲል የሚጮህ ነገር እሠራለሁ ብለሻል። ከጮኸልን ተነስተን ማሳው ዳር ገለባ እናጨሳለን፤ ጭሱ ውርጩን ይከላከላል። የሚሆነውን ራስሽ ምረጪ።»

አሁን ሳሌም ከክፍል ጓደኛዋ ከነቢዩ ጋር ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቆማለች። መስታወቱ ላይ ሁለት ቦርዶች ተቀምጠዋል። ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ኮምፒውተሮች ናቸው። አንዱ ትልቅና ፈጣን ነው፤ ሌላው ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ሹራብ እየሠራች ያጠራቀመችውን ብትጨምርበት ትልቁ ይገዛል።

«ትልቁን» አለች።

ነቢዩ ሳቀ። «ብርድ ለመለካት? ወይስ ለበጎቹ ፊልም ልታሳዪያቸው ነው?»

«አትቀልድ ባክህ።»

«የምሬን ነው። ትልቁ ባትሪ ይበላል፤ እዚያ ደግሞ መብራት የለም። ትንሹ በአንዲት ሶላር ያድርልሻል። ብቻ እዚህ ስትሞክሪው መብራት ላይ እንዳትሰኪው። የኔን ምን እንዳደረገው አይተሻል።»

አይታለች። ካቻምና ነቢዩ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ፣ እሷ እነሱ ቤት ተቀምጣ እሱ ለፈጠራ ውድድር ባዘጋጀው ቦርድ ላይ የሞተር ሳይክል ባትሪ በቀጥታ ሰካች። ቦርዱ ጨሰ። ወዲያው መብራት ሄዶ መጣ። «መብራቱ ነው» አለች፤ ማንም አልጠረጠራትም። የነቢዩ እናት እትዬ አመተ ማርያም ግን በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙትን ጎረቤታቸውን እትዬ በሰለችን «ያንቺ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው ያቃጠለብን» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም።

«ትንሹን ስጡኝ» አለች ባለሱቁን። ከአባቷ ብር የተረፈውን ለብቻው አጠፈች። ከዚያ የራሷን ብር አወጣች። «አንድ ጨምሩልኝ።»

«ሁለት ምን ያደርግልሻል?» አለ ነቢዩ።

ውጭ ከወጡ በኋላ አንዱን ዘረጋችለት። «ያንተ ነው። ያንን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ባትሪ ሰካሁበት።»

ነቢዩ እጁን አልዘረጋም።

«ቆይ፣ ውድድሩ ያለፈኝ…»

«አዎ።»

«እናቴና እትዬ በሰለች ሲሰዳደቡ አንቺ እዚያው ነበርሽ እኮ!»

«ነበርኩ።»

የደሴ ከባድ መኪና አቧራውን አልብሷቸው አለፈ። ነቢዩ ካርቶኑን ተቀብሎ ጃኬቱ ኪስ ከተተው። ፊቱ ግን አልተፈታም።

«ቦርዱን ከፍለሻል። ለእናቴ ግን እኔ አልነግርልሽም።»

«ንገርልኝ አልኩህ?»

ወደ ኪራይ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትታ በነሱ ሰፈር በኩል ታጠፈች። ነቢዩ ከኋላ ተከተላት። ግቢው ውስጥ እትዬ በሰለች ልብስ ያሰጣሉ። እትዬ አመተ ማርያም ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ሽንኩርት ይልጣሉ። ሳሌም በሁለቱ መካከል ቆመች።

«እትዬ በሰለች» አለች፣ ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ «የእርስዎ ምድጃ ምንም አላቃጠለም። እኔ ነኝ።»