ስድስተኛው ቁራጭ

በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ዘመን በሠላሳ ስምንተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ጃፓን በጦርነት ካሸነፈቻት ከሩሲያ ጋር የምትዋዋለው የሰላም ውል በቶኪዮ ተሰማ፤ የጦር ካሳ የለም፣ ከሳክሃሊን ደሴትም የሚገኘው ግማሹ ብቻ ነው ተባለ፤ ጋዜጦች በጥቁር ክፈፍ ወጡ፤ ሕዝቡም ተቆጣ።

ኢሶጋይ ሞቶሂኮ በካንዳ ሰፈር በሚታተም አንድ ጋዜጣ የአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ አዘጋጅ ነበር። እንደ እናት ያሳደገችው፣ በዚያው ሰፈር የምትኖረው ታላቅ እህቱ ወይዘሮ ሺኖ የበኩር ልጇን በፖርት አርተር ምሽግ ሥር አጥታለች፤ ታናሹ ዮሺታሮ ግን ገና ማንቹሪያ ጦር ሜዳ ነው። በዚያው ሳምንት በእጇ የጻፈችውን ደብዳቤ አመጣችለት።

«አንዲት ቃል እንዳትነካብኝ» አለችው።

«እትዬ፣ የእርስዎን ቃል እኔ ደፍሬ?»

ዋና አዘጋጁ «የልጄ ደም ከንቱ አይቅር» የሚለውን ሲያነቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«አቶ ኢሶጋይ፣ ይህ ደብዳቤ አገር ያስለቅሳል። ጭራውን ይቁረጡልኝ። ሰላም ሰላም የሚል ጋዜጣ ዛሬ ማን ይገዛል?»

በማተሚያ ቤት ልማድ ጽሑፍ ሁሉ በመቀስ እየተቆራረጠ የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ ለሚደረድሩ ሠራተኞች ይታደላል፤ አንድ ቁራጭ ቢጎድል የሚጠይቅ የለም። ኢሶጋይ የእህቱን ደብዳቤ ስድስት ላይ ከፈለው፤ አምስቱን አደለ፤ ስድስተኛውን በኪሞኖው እጅጌ ውስጥ ከተተ። ፈሪ ነበር፤ ፈሪነቱንም ያውቀዋል።

ውሉ በተፈረመበት ቀን ሂቢያ መናፈሻ በሕዝብ ተጥለቀለቀ። አንድ ተናጋሪ የካንዳዋን እናት ደብዳቤ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ሰዉ አለቀሰ፤ ከዚያ የፖሊስ ኬላዎች ይነዱ ጀመር። በማግስቱ ጎረቤቶች በሺኖ ደጃፍ ተሰልፈው እጅ ነሷት። እሷም በቀጥታ ወደ ወንድሟ ቢሮ ሄደች።

«ምን አደረግኸኝ፣ ሞቶሂኮ? ጀግና እናት እያሉ ይሰግዱልኛል! እኔ ልጄን ስጡኝ ነው ያልኩት!»

«እንጀራዬን እንዳላጣ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ብታጣውስ? እኔ ሩዝ የነሣሁህ ቀን አለ?»

ቁራጩን ከእጅጌው አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ወስዳ እቤቷ በሟች ልጇ ስም በቆመው የመታሰቢያ ሰሌዳ ሥር አኖረችው።

ሰላሙ ግን ጸና፤ ዮሺታሮም በብርዱ ወራት በሕይወት ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፍ ቆሞ፣ የእናቱ ደብዳቤ የታተመበትን፣ ጦር ሜዳ የደረሰውን የጋዜጣ ገጽ ከደረት ኪሱ አወጣ።

«እማዬ፣ እኔም እዚያው እንድቀር ፈልገሽ ነበር?»

ሺኖ ከሰሌዳው ሥር ቁራጩን አምጥታ በእጁ አስያዘችው። «አሁን ግን ይበቃል፤ የቀረኝን ልጅ መልሱልኝ» ይላል። ዮሺታሮ አንብቦ፣ ከነጫማው እደጃፉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ከብዙ ዘመን በኋላ የዚያን ጊዜ ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት፣ ሕዝቡ ሰላሙን ምን ያህል እንደ ጠላ ሲያስረዱ የካንዳዋን እናት ምስክር ጠሩ፤ ጋዜጣው በቤተ መጻሕፍት ተጠርዞ ይገኛልና አልተሳሳቱም ይባል ይሆናል። ስድስተኛውን ቁራጭ ግን ዮሺታሮ ዕድሜውን ሙሉ በደረት ኪሱ ያዘው፤ በሞተም ጊዜ እንደ አገሩ ልማድ ከአስከሬኑ ጋር አብሮ ተቃጠለ።