ሸምፖው መስኮት ላይ ነው

ዳልጮ በዎርክሾፑ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ሁለት ዓመት የለፋበት፣ ለአምቡላንስ ባለሙያዎች ብሎ የሠራው በእጅ የሚጨመቅ የእስትንፋስ መስጫ ጉንጩ አጠገብ ወድቋል። የዳሞታ ተራራ ጥቁር ደመና ለብሶ የሶዶን ቀትር አጨልሞታል።

ኢንስፔክተር ማክዳ ስትደርስ ጥፋተኛው አስቀድሞ ተገኝቶላት ነበር። እንዲህ ያለው ውለታ ደግሞ ደስ አይላትም።

«አዳልጦት ወደቀ» አለ የመሣሪያው ፕሮጀክት ኃላፊ ኢንጂነር ቸርነት፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና መንፈቁ ነው። «ወዲያው አምቡላንስ ጠርቼ በራሱ መሣሪያ እስትንፋስ ሰጠሁት። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይል ነበር! ይኼ መጥቶ ነጠቀኝ፤ እጁ ላይ ሞተ።»

«ይኼ» የተባለው የአምቡላንስ ባለሙያው ቦልቴ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ቆሟል።

«ስደርስ ትንፋሽ የለውም፤ ከጭንቅላቱ የፈሰሰው ደምም ረግቷል» አለ። «በራሴ መሣሪያ ሞከርኩ። ግን እኔ ገድዬው ይሆን? ጌታ ያውቃል።»

ማክዳ ክፍሉን ዞረች። የመሣሪያው ሣጥን ላይ በዳልጮ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ ሸምፖው መስኮት ላይ ነው።

«ሸምፖ ምንድን ነው?»

«የመሣሪያው ስም ነዋ» አለ ቸርነት። «እኔ ግን ያገኘሁት ጠረጴዛ ላይ ነው።»

ዓይኗ በልቅሶ ያበጠው የዎርክሾፑ ቴክኒሺያን ሣራ ቀና ብላ አየችው። ማክዳ አተያየቷን ልብ አለች። ወደ ውጭ ይዛት ወጣች።

«ዳልጮና ኢንጂነሩ ዛሬ ተጣልተው ነበር?»

«አዎ። ዳልጮ ‹ቫልቩ በሁምቦ ቆላ ሙቀት ይጣበቃል፣ ሰው ይገድላል፣ አልፈርምም› አለ። ኢንጂነሩ ደግሞ መሣሪያውን ነገ ለአምቡላንሶቹ ሊያስረክቡ ቃል ገብተዋል።»

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ማክዳ ሁሉንም ሰበሰበች፤ የእስትንፋስ አሰጣጥ ማሠልጠኛውን አሻንጉሊትም ጠረጴዛው ላይ አስተኛች።

«ኢንጂነር፣ እንዴት እንዳደረጉ ያሳዩን።»

ቸርነት የዳልጮን መሣሪያ ፊኛ ጨመቀ። አየሩ በጎን ሾልኮ ወጣ። ደግሞ ጨመቀ፤ የአሻንጉሊቱ ደረት ንቅንቅ አላለም። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«ሣራ፣ ሸምፖ ምንድን ነው?»

«በወላይትኛ ነፍስ ማለት ነው። እኛ እዚህ ቫልቯን ነው የምንላት፤ ያለሷ መሣሪያው በድን ነው። ጠዋት ዳልጮ አጥቦ አስጥቷት ነበር።»

ማክዳ መስኮቱ ላይ ከተነጠፈ ጨርቅ ጥፍር የምታህል ጎማ አንሥታ አሳየች።

«ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ስለሚመስል አልጠረጠሩም። በዚህ መሣሪያ ግን የማንም ደረት አይነሣም። ያላዩትን አየሁ ያሉት ጥፋቱ ቦልቴ ላይ እንዲወድቅ ነው። ወለሉ ደረቅ ነው፤ አላዳለጠውም። አምቡላንሱ በተጠራ በአምስት ደቂቃ ሲደርስ ደሙ ረግቶ ቆይቷል። ‹ወዲያው› አልደወሉም።»

ቸርነት ፊኛውን ለቀቀው።

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም። ጭንቅላቱን ጠረጴዛው መታው።»

«ሲደውሉልኝ ይተነፍስ ነበር?» አለ ቦልቴ። «እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«አይ። እስኪያቆም ጠብቄ ነው የደወልኩት።»

ካቴናው ሲፈታለት ቦልቴ ልብ አላለውም። ዳልጮ የወደቀበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«የአምቡላንስ ጣቢያችን እኮ ከዚህ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» አለ።