የእሑድ ተረኛ

በቤተ ሙከራው «ሞግዚት» ይሏታል። ረዳት ተመራማሪ ናት፤ ሥራዋ ከግንደ ሕዋሳት የአንጎል ነርቮችን ማሳደግ ነው። ግንደ ሕዋስ ምን እንደሚሆን ገና ያልቆረጠ ሕዋስ ነው። በትዕግሥት ከያዙት ነርቭ ይሆናል፤ ካኮረፈ ምንም አይሆንም።

ከአጠገቧ የሚሠራው ረዳት ደግሞ «ጥድፌ» ነው። እሱ የሚያሳድገው ራሱን ግንደ ሕዋሱን ነው። የእሱ ሕዋሳት በየቀኑ አሮጌው ፈሳሽ ሙልጭ ተደርጎ ይመጠጥና አዲስ ይቀዳላቸዋል፤ ምግባቸው ያ ነው። የእሷ ነርቮች ግን ቅምጥሎች ናቸው። ግማሹ ብቻ ተነሥቶ ግማሽ ይጨመርላቸዋል። ፈሳሹ ካለቀባቸው ከሚያድጉበት ባለ ስድስት ጉድጓድ ሳህን ተላቀው ይሞታሉ።

የተዋወቁት በማይክሮስኮፕ ተራ ተጣልተው ነው።

«ተራው የኔ ነው፣ ተነሥ» አለችው።

«እሺ። ያንቺን አሳዪኝና እነሣለሁ።»

አሳየችው። ነርቮቿ ቀጫጭን ክንዳቸውን ዘርግተው እርስ በርስ ተያይዘዋል። ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ለረጅም ጊዜ አላነሣም።

«እንዴት ነው የሚፈላለጉት?»

«ከተውካቸው ያውቁበታል።»

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማይክሮስኮፕ ለማያስፈልገው ሥራ ሁሉ እየተነሣ ይመጣ ጀመር። እሷም በቆብ የሚሸፈነውን ጠጉሯን እየተሠራች መምጣት አበዛች። ሰው ሲወድ እንዲህ ያደርገዋል፤ ቤተ ሙከራ ነው ብሎ አይተወውም።

በዓመቱ መጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ ሁለቱን ጠርተው፣ ለመጪው ዓመት ያላቸው በጀት ለአንድ ረዳት ብቻ እንደሚበቃ ነገሯቸው። የተሻለ ውጤት ያቀረበ ይቆያል። ኮሪደር ላይ ሲደርሱ ተሳሳቁ፤ ሳቁ ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው።

በዚያው ሰሞን እናቷ ታመመች።

«ሂጂ» አላት ጥድፌ። «እሑድን እኔ እሠራልሻለሁ። እግዜር ይማራቸው።»

«ግማሹን ብቻ፣ እሺ?»

«ኧረ ሰማሁ፣ ሞግዚት!»

ሰኞ ጠዋት ስትመለስ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የኔን ጨርሼ ያንቺን ስይዝ እጄ በለመደው ሄደ» አላት። «የሳህንሽን ስድስቱንም ጉድጓድ ሙልጭ አድርጌ መጠጥኩት። ያወቅሁት ሳህኑ ሲደርቅ ነው። ወዲያው አዲስ ቀዳሁ፤ ግን አልዳኑም።»

ነርቮቿ እንደ ራሰ ሶፍት ተቀዳደው ይንሳፈፋሉ። የወራት ልፋቷ ነው። ሳህኑን ይዛ ሄደች።

እናቷ ነገሩን ስትሰማ ግን ተቆጣች። «አንድ ቦታ ለሁለት ሰው! በኔ መታመም አሳቦ ጉድ ሠራሽ» አለቻት በስልክ። «ያ ልጅ ደጄን እንዳይረግጥ!»

ቦታውንም ኃላፊው ለእሱ ሰጡት። ጥፋቱን ራሱ ሄዶ ነግሯቸው ነበር፤ «በእጄ ያለው ውጤት ያንተ ብቻ ነው» አሉት።

ልጅቷ ውሏ እስኪያልቅ ድረስ በሥራዋ ስለምትቆይ አዲስ ሳህን ጀመረች። ከእሱ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልነበራትም። ሆን ብሎ ነው ብላ ማመን አልፈለገችም፤ ተሳስቶ ነው ብላ ማመንም አልሆነላትም። ትወደው ነበር፤ የከበዳትም ይኸው ነው።

አንድ እሑድ እሱን ጉንፋን ጣለው። ተረኛዋ እሷ ስለነበረች የእሱም ሳህኖች የእሷ ሥራ ሆኑ። መጀመሪያ የራሷን ነርቮች መገበች፣ ቀጥላ የእሱን አነሣች። በሐሳቧ ከእሱ ጋር እየተጣላች አንዱን ጨርሳ ሌላውን ያዘች። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ።

ከሁሉም ግማሹን ብቻ ነበር ያነሣችው። ሙልጭ መደረግ የነበረበት አሮጌ ፈሳሽ አሁንም በየሳህኑ አለ። ክፋት አላሰበችም፤ እጇ በለመደው ሄዶ ነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ሁሉንም እንደገና በደንብ ሠራችና ጓንቷን አውልቃ ደወለችለት።

«ሳህኖችህን በግማሽ መገብኳቸው» አለችው። «ሦስተኛው ላይ ነው የነቃሁት።»

አስነጠሰና ጠየቃት።

«ተበላሹ?»

«አይ፣ አስተካክያቸዋለሁ። እኔ ግን አላመንኩህም ነበር። ይቅር በለኝ።»

«ቦታውን ነገ እለቃለሁ» አላት። «የምሬን ነው። ያንቺ ነው።»

«እንዳታደርገው! እኔ ሌላ ቤተ ሙከራ አላጣም። ደግሞ ሥራ ፈት አላገባም።»

ገና አልጠየቃትም ነበር። ሁለቱም ያንን እኩል ተገነዘቡት፤ በስልኩ ውስጥ ለጊዜው የታፈነ አፍንጫ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ።

«እናትሽስ?» አላት በመጨረሻ።

«እማዬ ትቆጣለች» አለችው። «ዋስህ እኔ ነኝ።»