ላስ ቬጋስ ያልደረሰችው ኦፓል

ኦፓል አልጋዋ ላይ ሞታ የተገኘችው ለመጀመሪያ ጊዜ ላስ ቬጋስን ልታይ በምትነሣበት ጠዋት ነው። ሻንጣዋ በሩ ሥር ቆሟል። ውጭ የነብራስካ በረዶ ይወርዳል።

መርማሪዋ ማርጊት አልጋው አጠገብ የነበረውን የወተት ብርጭቆ አነሣች። ከወተቱ ሥር የተፈጨ የእንቅልፍ ኪኒን ዘቅጧል። ኪኒኑ የኦፓል እኅት የቬርና ነው፤ ወተቱንም የሰጠቻት ቬርና ናት። ምስኪን! እስር ቤቱ ከወዲሁ ታይቷታል።

«ትናንት ማታ ወተቱን ጥጄ ስልክ ላነሣ ወጣሁ» አለች ቬርና። « ጎረቤታችን ራልፍ ደጅ በረዶ ሲጠርግ በመስኮት አየዋለሁ። ወጥ ቤት የቀረው ባሏ ክሌተስ ነው። እሱ ግን ለምን ብሎ? ይወዳታል እኮ!»

ራልፍ አውሮፕላን ጣቢያ ሊያደርሳቸው የነበረ ሰው ነው። «እኔ ክፉ ባስብባት ኖሮማ ያቺ አሮጌ መኪናዬ ትበቃት ነበር!» አለና በቀልዱ ራሱ አፈረ።

ማርጊት የኦፓልን የጉዞ ዕቅድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሆቴል፣ ትርዒት፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ «ከክሌተስ ጋር ጸሎት ቤት ሄደን ጋብቻችንን ማደስ» ይላል።

«ላስ ቬጋስን ያውቁታል?»

«ኧረ እኔ! የቁማር ካርታ እንኳ ይዤ አላውቅም» አለ ክሌተስ። ከጠረጴዛው ሲነሣ እጆቹን ቀስ አድርጎ አጨበጨበ፤ መዳፉን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች ገለበጠና ሄደ።

ማርጊት ስልክ ደወለች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ክሌተስ፣ ቁማር ቤት ካርታ የሚያድል ሰው ጠረጴዛ ሲለቅ፣ ምንም እንዳልሰወረ ጣሪያው ላይ ላለው ካሜራ እጁን ያሳያል። እርስዎም ቅድም አሳዩ።»

«ልማድ ነው... ማንም ያደርገዋል።»

«ማንም አያደርገውም። ላስ ቬጋስ ደውዬ ጠየቅሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ካርታ አድለዋል። ያልፈቷት ሚስትም እዚያ አለችዎት። ኦፓል ጋብቻ ላድስ ስትል የከተማው የጋብቻ መዝገብ ሊያጋልጥዎ ሆነ። ከወተቱ ጋር ደግሞ ብቻዎን ነበሩ።»

ክሌተስ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ሌላ አገር እንሂድ ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች።»

«አንተ አውሬ!» አለ ራልፍ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ማርጊት የቬርናን ትከሻ ነካ አደረገች። «ወይዘሮ ቬርና፣ እርስዎ ነፃ ነዎት።»

ቬርና ቀና አላለችም።

«ወተቱ መረረኝ ብላኝ ነበር» አለች። «ጨርሺው፣ ነገ መንገደኛ ነሽ ብዬ የተቆጣኋት እኔ ነኝ።»