የዝናሽ እናት

«መርማሪው ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ምሳ አልበላም!» አለች ሔርሜላ ማይኩ ላይ ተደፍታ። «ሻይ የሚያዘው ሰው ለመከታተል ነው፤ እሱንም ሳይጨርስ ጥሎት ይነሳል። እኔማ ገዳዩን ትቼ ስለ ሰውዬው ጨጓራ ነበር የምጨነቀው።»

ዝናቡን ሸሽቶ በረንዳው ላይ የተደረደረው ተማሪ በሳቅ አውካካ።

«ገዳዩን ደግሞ መሃል ሳልደርስ ነው ያወቅኩት። ለምን? ከሁሉም ሰው ትሑቱ እሱ ነበራ! እንደዚህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ ከልክ በላይ ትሑት የሆነ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።»

ከሚኒ ሚዲያ ክፍሉ ጥግ የተቀመጠችው ኑኃሚን ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራት ትል ነበር። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ታውቀዋለች። የራሷ ነዋ። መጽሐፉን ያነበበችውም፣ ስለ መርማሪው ጨጓራ የተጨነቀችውም እሷ ናት።

ማክሰኞና ዓርብ በዕረፍት ሰዓት የሚተላለፈው «ካነበብኩት» ቦንጋ ውስጥ ባለው በዚህ ትምህርት ቤት ከኳስ ቀጥሎ የሚወራ ነገር ሆኗል። ተማሪው ሔርሜላን የመጽሐፍ አውሬ አድርጎ ነው የሚያያት። እውነቱን ለመናገር ግን ሔርሜላ መጽሐፍ መጀመር ነው የምትወደው፤ መጨረስ ላይ ትንሽ ይቀራታል። የሚጨርስላት ጓደኛ አላት።

ነገሩ ስርቆት አይደለም። ሐሳቡ ራሱ የመጣው ከኑኃሚን ነው። ኑኃሚን አፏን የፈታችው በካፊኖኖ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ከቢታ ገነት መጥታ ቦንጋ ባጃጅ ከሚነዳው ወንድሟ ከኤርምያስ ጋር መኖር ጀመረች። አማርኛ በልቧ ስታነብ የሚያቆማት የለም፤ ስትናገረው ግን ቃሉ አፏ ውስጥ ሌላ ቅርጽ ይይዛል። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ተነስታ እንድታነብ አዘዟት። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ኑኃሚን በሰው ፊት ከ«አቤት» እና ከ«እሺ» ያለፈ አማርኛ ተናግራ አታውቅም።

ያን ቀን ያልሳቀችው ሔርሜላ ነበረች። ዞር ብላ «እዚህ ነይ፣ ከኔ ጋር ተቀመጪ» አለቻት። ሔርሜላ አያቷ ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ አባቷ ዞን መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ ቤቷም ሰፈሯም አማርኛ የሆነ ልጅ ናት። መድረክ ካየች እግሯ ዝም አይልም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በአንድ ጃንጥላ ሥር እየሄዱ ኑኃሚን ስለጨረሰችው መጽሐፍ ታወራላታለች። ከሔርሜላ ጋር ስትሆን ምላሷ አይተሳሰርም። ሔርሜላ ደግሞ በማግስቱ የሰማችውን በጥሩ አማርኛ ለትምህርት ቤቱ ታዳርሰዋለች።

«ስምሽን ልጥራ?» ብላት ነበር መጀመሪያ ላይ።

«እንዳትጠሪ! በእግዚአብሔር!» ብላ ለመነቻት ኑኃሚን።

በዚህ መንገድ በአንድ ወሰነ ትምህርት ብዙ መጽሐፍ አለፈ። ሕይወትን በሰባት ቀን እቀይራለሁ ስለሚለው ኑኃሚን ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስምንተኛው ቀን ላይ ምን እንደሚደረግ አልጻፈም።» ስለ ከዋክብት የሚያወራው ደግሞ አስፈርቷታል። የምናየው ብርሃን ከስንትና ስንት ዘመን በፊት የተነሳ ነው ሲል፣ ኮከቡ አሁን ባይኖርስ ብላ ሰማይ ማየት ለጥቂት ቀናት ተወች። የግጥም መድበሉን ግማሹን አልተረዳችውም። ያልተረዳችውን ግማሽ ነው ግን ደጋግማ ያነበበችው። ሔርሜላ ይህን ሁሉ ማይክ ላይ ስትለው ኑኃሚን ደስ ይላታል። የሰፋችው ልብስ ሌላ ሰው ላይ አምሮ እንዳየች ሰው ነበር የሚሰማት።

ከዚያ ቀዩ መጽሐፍ መጣ።

ርዕሱን የሚጠራው የለም፤ በሽፋኑ ቀለም ሁሉም «ቀዩ መጽሐፍ» ይለዋል። አንድ ሀብታም የአዲስ አበባ ቤተሰብ ውስጥ ስለሚከሰት ጉድ የተጻፈ አስቂኝ ልቦለድ ነው። አንዱ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ ወዝቷል። ተማሪው በሙሉ የሚወደው ገጸ ባሕርይዋን ዝናሽን ነው። ዝናሽ የቤት ሠራተኛ ናት። ከደቡብ የመጣች ነው የሚለው መጽሐፉ፤ ከደቡብ የት እንደሆነ ደራሲው ብዙም አልተጨነቀበትም። አማርኛዋን ትሰባብረዋለች። በተለይ እንግዶች በተሰበሰቡበት ገብታ እመቤቷን የምታናግርበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ያልሳቀ ሰው የለም። ኑኃሚንም ስቃለች፣ ያውም ጮክ ብላ።

ረቡዕ ዕለት ሔርሜላ ባዶ ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ ወጥታ ቆመች።

«የዓርቡን ልለማመድ፤ ዝናሽን ሆኜ ነው የማነበው። ግቢው ቀውጢ ይሆናል። ስሚኝ!»

አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ እጇን አጣጥፋ ጀመረች። ጥሩ ተዋናይ ናት። ቃላቱን የምትጥልበት፣ መሃል ላይ የምታነሳበት፣ መጨረሻቸውን የምትውጥበት ሁሉ ልክ ነበር። ከልክ በላይ ልክ ነበር። ኑኃሚን ሳቅ ልትል አፏን ስትከፍት ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ቀዘቀዘ። ሔርሜላ ከቦንጋ ወጥታ ገጠር አድራ አታውቅም። ይህን አነጋገር የተማረችው ከሌላ ከማንም አይደለም፤ በጃንጥላው ሥር ነው።

«እንዴት ነው? ቀሽት አይደል?»

«እሱን... እሱን ባታነቢው?»

«የቱን?»

«ዝናሽን።»

ሔርሜላ ከዴስኩ ወረደች። «ምን ሆነሻል? አንቺ ራስሽ ስትስቂ አልነበር እንዴ?»

«ስቄያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ድምፁ የኔ ነው» ብትላት ሔርሜላ ትደነግጣለች፤ እንዲያውም ታለቅሳለች። ደግሞስ ክፍሉ ሲስቅባት ያልሳቀችውን ልጅ እንዴት ሙድ ያዝሽብኝ ትበላት? ኑኃሚን ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ሔርሜላ ከኋላዋ «አቦ ፈታ በይ!» አለቻት።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ኤርምያስ በር ላይ ባጃጁን ከጭቃ ያጥባል። እሱ መጽሐፍ አይነካም፤ የተነበበ መስማት ግን ይወዳል። የከዋክብቱን ነገር ለተሳፋሪ ሳይቀር ሲያወራ ነው የከረመው።

«ዛሬ ደግሞ ምን አለ?» አላት በካፊኖኖ።

እሷም በካፊኖኖ ነገረችው። ከኤርምያስ ጋር በሌላ ቋንቋ አውርታ አታውቅም። ትልቅ ቤት ነው አለች፤ እንግዶች ሞልተዋል፣ ምግቡ ቀርቧል። ያን ጊዜ ዝናሽ ትገባና በሩ ጥግ ትቆማለች። «እትዬ» ትላለች፤ «እናትሽ ታማለች የሚል መልእክተኛ መጥቶብኛል። ለሁለት ቀን ይፍቀዱልኝ። ውሃውን ቀድቼ፣ ልብሱን ተኩሼ ነው የምሄደው።»

ኑኃሚን ወንድሟ እስኪስቅ ጠበቀች። ኤርምያስም ጎማውን እያሸ ቀጣዩን ጠበቀ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንደኛው እንዲያውም ከወንበሩ ወደቀ።»

ኤርምያስ ጨርቁን እንደያዘ ቀና አለ። «ለምን? ልጅቷ እናቴ ታማለች እያለች?»

በካፊኖኖ ሲነገር ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ዝናሽ ደህና አድርጋ፣ በጨዋ አንደበት፣ እናቷ መታመሟን ተናግራለች። በቃ ይኸው ነው ያለችው። ኑኃሚን ቦታውን ሁለት ጊዜ ስታነበው እንዴት እንዳለችው እንጂ ምን እንዳለች አልሰማችም ነበር።

«ፈቀዱላት?» አለ ኤርምያስ። «እናቷስ ዳነች?»

ኑኃሚን ገብታ መጽሐፉን ከዚያ ገጽ ጀምራ እስከ መጨረሻው አገላበጠችው። ዝናሽ አንድ ቦታ በር ትከፍታለች፤ ሌላ ቦታ ብርጭቆ ታነሳለች። እናቷን ያነሳት የለም። ደራሲው የሴትዮዋን ሕመም ለሳቅ አምጥቶ እዚያው ረስቶት ሄዷል። ኑኃሚን አፈረች። በደራሲው ከመናደዷ በፊት በራሷ አፈረች። እናቷ ቢታ ገነት ናት፤ ነገ አሟታል ቢባል ኑኃሚን ትምህርት ቤቱ ቢሮ ገብታ ፈቃድ መጠየቅ አለባት። የምትጠይቀው ደግሞ በዚሁ አንደበቷ ነው።

ዓርብ ዕረፍት ሊደወል ሲል ሔርሜላን ሚኒ ሚዲያ ክፍል አገኘቻት። ዝናቡ ስላባራ ተማሪው ሜዳው ላይ፣ ስፒከሩ ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር መሰብሰብ ጀምሯል። ድምፅ የሚቆጣጠረው ነቢዩ ገመዶቹን ይሰካካል።

«ሔርሜላ፣ ስለ ዝናሽ እናት አውሪ» አለቻት ኑኃሚን።

«ስለ ማን?»

ኑኃሚን ነገረቻት፤ የኤርምያስን ጥያቄ፣ የተገላበጡትን ገጾች፣ ሁሉንም። ሔርሜላ ሰማቻት። ሞኝ አይደለችም፤ ነገሩ እንደገባት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። በመስኮቱ ግን ወደ ሜዳው አየች።

«ኑሂ፣ በናትሽ። ይህን ሁሉ ሰው ዝናሽን አነብላችኋለሁ ብዬ ነው የሰበሰብኩት። አሁን ወጥቼ 'የሳቃችሁት ልክ አይደለም' ልበላቸው? ያፏጩብኛል። ደግሞ እኔ እንደዚያ አልተሰማኝም። ያልተሰማኝን እንዴት አድርጌ ነው የማወራው?»

«እስካሁን ስታወሪ ነበር።»

ይህን ያለችው ልታቆስላት አልነበረም፤ ግን አቆሰላት። ሔርሜላ ቀላች።

«እንግዲያው አንቺ ራስሽ በያቸዋ!» አለች።

ካለችው በኋላ ደነገጠች። ኑኃሚን ማይኩን አየችው። ብትተወው ማንም ምንም አይላትም። ሔርሜላ ታነባለች፣ ግቢው ይስቃል፣ ደወል ይደወላል፣ ሰኞ ሁሉም ሌላ መጽሐፍ ይጠይቃል። ጓደኛዋም ጓደኛዋ ሆና ትቀጥላለች። የዝናሽን እናት ብቻ የሚጠይቃት አይኖርም።

«ልክፈተው?» አለ ነቢዩ። «ማነው የሚገባው?»

ኑኃሚን ወንበሩን ሳበች።

«እንደምን አረፈዳችሁ» አለች። ድምፅዋ ከውጭ፣ ከዛፉ ላይ ተመልሶ ሲመጣ የራሷ አልመሰላትም። «ኑኃሚን እባላለሁ። የመጣሁት ከቢታ ገነት ነው። ቀዩን መጽሐፍ ጨርሼዋለሁ።»

ሜዳው ላይ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው። «ዝናሽ! ራሷ ዝናሽ መጣች!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ፉጨት ቀጠለ። ሔርሜላ ግን አልሳቀችም። የኑኃሚንን አፍ ትኩር ብላ እያየች ነበር። ረቡዕ ዴስክ ላይ ቆማ ያወጣችው ድምፅ ከየት እንደመጣ አሁን ገባት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ነቢዩ አዝኖላት ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ እጁን ሰደደ።

«ተው» አለችው ኑኃሚን። «ከፍ አድርገው።»

መጽሐፉን ገልጣ ዝናሽ ያለችውን አነበበች። አላስመሰለችም፤ የተጻፈውን በራሷ አንደበት፣ ቀስ ብላ፣ ለእመቤት እንደሚነገረው አድርጋ ነው ያነበበችው። ሜዳው ላይ ሳቁ አልቆመም፤ እየሳሳ ሄደ እንጂ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ የሚስቀውን ዝም በል ይላል።

«እኔም ስቄያለሁ» አለች። «ትናንት ግን ወንድሜ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ መልሱን ፈልጌ መጽሐፉ ውስጥ አጣሁት። ዝናሽ ያለችው እናቴ ታማለች ነው። ሌላ ምንም አላለችም። እናቷ ዳነች? ሁላችሁም አንብባችሁታል። የሚያውቅ ካለ መጥቶ ይንገረኝ።»

ነቢዩ ሊዘጋው ጣቱን ማብሪያው ላይ አድርጎ አያት። ኑኃሚን «አትዝጋው» በሚል ራሷን ነቀነቀችና ማይኩ እንደተከፈተ ጠበቀች።